ጨለማ ያለበት መጽሐፍ ለማን ይሰጣል?

ዳርክ ፋንታሲ ለሰው መጠቆም ሌላ ልብ ወለድ እንደ መጠቆም ቀላል አይደለም። በዚህ ዘርፍ ሕፃናት ይሞታሉ፤ ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰው ሥቃይ ሳይድበሰበስ ይጻፋል፤ ነገሥታቱም አማልክቱም ደካማውን ለማዳን አይቸኩሉም። አንባቢው ደግሞ መጽሐፉን የሚገልጠው ብቻውን ሆኖ፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ነው። ከእኛ አንባቢዎች መካከል ጦርነትን በደጃፉ ያየ፣ ቤተሰቡን የቀበረ፣ አገር ጥሎ የወጣ ብዙ ሰው አለ። ለአንዱ ማምለጫ የሚሆነው ገጽ ሌላውን ወደሸሸው ሌሊት ይመልሰዋል።

ዘርፉን አጥብቄ እወደዋለሁ። ስለ ግፍ፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ ሥልጣን ጥማት በቀጥታ ቢነገረን የምንሸሸውን፣ በተፈጠረ ዓለም ውስጥ ስናገኘው ቁጭ ብለን እናየዋለን። የመጀመሪያው መጽሐፍ ያስመረረው ሰው ግን ተመልሶ አይመጣም። ለዚህ ነው “ምርጥ አሥር” እየተባለ ለሁሉም የሚላክ ዝርዝር የማልወደው። የሚሸከመውን ጨለማ አውቆ ለአንድ ሰው አንድ መጽሐፍ መስጠት ይበልጣል። እንዴት እንደሚደረግ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። የአማርኛዎቹን መጻሕፍት ዓመት በእኛ፣ የሌሎቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

አንደኛ፦ ስለ መጽሐፉ ከማሰብዎ በፊት ሰውየውን ይጠይቁ

“ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?” ተብሎ የተጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ቢወደው ደስ የሚለውን ነው የሚናገረው። ይልቅስ “እንቅልፍ የከለከለህ የመጨረሻ መጽሐፍ የቱ ነው? ምኑ ያዘህ?” ይበሉት። ዋናው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

በአሜሪካ፣ በሲያትል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለዓመታት የሠራችው ናንሲ ፐርል፣ አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚገባባቸው አራት በሮች አሉ ትላለች፦ ታሪኩ፣ ገጸ ባሕርዩ፣ ታሪኩ የሚፈጸምበት ዓለም እና ቋንቋው። እያንዳንዱ አንባቢ ከአራቱ በአንዱ ወይም በሁለቱ መግባት ይቀናዋል። ይህ ከዘውግ ስም ይበልጥ ይጠቅማል፤ ፋንታሲ የሚባል ነገር ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ በየትኛው በር እንደሚገባ በሚወደው የአማርኛ መጽሐፍ ይታወቃልና።

ለምሳሌ “ኦሮማይ”ን (1975) የሚያነሳ ሰው አለ። ምኑ እንደያዘው ሲጠየቅ፣ ጦርነቱን ከውስጥ ሆኖ የሚያየውን፣ የሚያገለግለውን ወገን ቀስ በቀስ የሚታዘበውን ጋዜጠኛ ፀጋዬን ይጠራል። ለዚህ ሰው የግሌን ኩክን “ዘ ብላክ ካምፓኒ” (1984) እሰጠዋለሁ። ተራኪው የቅጥረኛ ጦር ሐኪም ነው፤ የጦሩን ታሪክ የሚመዘግበውም እሱ ነው። ጌቶቹ ክፉዎች መሆናቸውን ያውቃል፤ ወንድሞቹን ግን ጥሎ አይሄድም። አስማቱ ቢነሳ የሚቀረው ወታደር ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

አዳም ረታን በቋንቋው የሚወድ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆሞ ደግሞ የሚያነብ ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ለእሱ ሶፊያ ሳማታር አለች፤ አባቷ ሶማሊያዊ የሆኑ አሜሪካዊት ደራሲ ናት። በ“ኤ ስትሬንጀር ኢን ኦሎንድሪያ” (2013) የበርበሬ ነጋዴ ልጅ የሆነ ወጣት በመጻሕፍት ያፈቀራትን አገር ሊያይ ይጓዛል፤ እዚያ ግን የሞተች ልጃገረድ መንፈስ ትከተለዋለች። መንፈሷ የምትጠይቀው ታሪኳ እንዲጻፍላት ነው። መጽሐፉ ዝግ ያለ ነው፤ ፍጥነት ለሚወድ ሰው ከሰጡት ምዕራፍ ሦስት አይደርስም።

“ዴርቶጋዳ”ን (2001) በአንድ ቀን የጨረሰ፣ ምስጢርና ስውር ድርጅት የሚስበው አንባቢ የጄፍ ቫንደርሚርን “አናይሌሽን” (2014) ይሞክር። አራት ሴቶች ለምርምር የተከለከለ ምድር ይገባሉ፤ የላካቸው ድርጅት ምን እንደደበቃቸው ቀስ እያለ ይገለጣል። ቀጭን መጽሐፍ ነው። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን (1958) በጉዱ ካሣ በኩል የሚወድ፣ ሥርዓቱን የሚጠይቅ ሰው ላይ ልቡ የሚቀር አንባቢ ደግሞ የኤን ኬ ጀሚሲን “ዘ ፊፍዝ ሲዝን” (2015) ይገባዋል። በዚያ ዓለም ምድርን ከመንቀጥቀጥ የማቆም ኃይል ያላቸው ሰዎች ይፈራሉ፣ ይናቃሉ፣ በሰንሰለት ሳይታሰሩ ባሪያ ይሆናሉ። እሱን ጨምሮ የተከታታዩ ሦስቱም መጻሕፍት፣ በ2016፣ በ2017 እና በ2018 የሂዩጎን የምርጥ ልብ ወለድ ሽልማት በተከታታይ ወስደዋል፤ ከጀሚሲን በፊት ይህን ያደረገ አልነበረም።

ሁለተኛ፦ የጨለማውን ዓይነት ይለዩ

“ጨለማ ያለበት” ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። እኔ ቢያንስ አራት ዓይነት ለይቼ አያለሁ፤ አንዱን የሚችል ሰው ሌላውን ላይችል ይችላል።

የመጀመሪያው ደም ሳይፈስ የሚያስፈራው ነው። የሸርሊ ጃክሰን “ዘ ሆንቲንግ ኦቭ ሂል ሃውስ” (1959) ውስጥ የታመመች እናቷን ለዓመታት ስታስታምም ወጣትነቷ ያለፈ ሴት፣ እናቷ ከሞተች በኋላ መንፈስ አለበት ወደሚባል ቤት ትሄዳለች። ቤቱ ያስፈራል፤ ከቤቱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን የእሷ ብቸኝነት ነው። ወላጅ ሲያስታምም የኖረ ሰው ይህን መጽሐፍ እንደ ሌላው አያነበውም።

ሁለተኛው የጭካኔ ጨለማ ነው። ጆርጅ አር አር ማርቲን እና ጆ አበርክሮምቢ እዚህ ይመደባሉ። አበርክሮምቢ “ዘ ብሌድ ኢትሰልፍ” (2006) ላይ ግሎክታ የሚባል ሰው ፈጥሯል፤ በጠላት እስር ቤት ተሠቃይቶ አካሉ የተሰባበረ፣ አሁን ደግሞ ራሱ ሌሎችን እያሠቃየ የሚመረምር። አንባቢው ይጠላዋል ብለው ሲጠብቁ እየወደደው ይሄዳል። ታስሮ ለተፈታ ሰው፣ ወይም የታሰረ ቤተሰብ ላለው፣ ይህ መጽሐፍ ሳይነገር አይሰጥም።

ሦስተኛው የታሪክ ቁስል ነው፤ በእኔ እምነት የዘርፉ ትልልቅ ሥራዎች ያሉት እዚህ ነው። የኦክታቪያ በትለር “ኪንድረድ” (1979) የአሜሪካን ባርነት ይዟል። የቶኒ ሞሪሰን “ቢለቭድ” (1987) የተነሳው ማርጋሬት ጋርነር የተባለች ሴት በ1856 ከባርነት አምልጣ ስትያዝ፣ ልጇ ተመልሳ ባሪያ እንዳትሆን በገዛ እጇ ከገደለችበት እውነተኛ ታሪክ ነው። የአህመድ ሳዓዳዊ “ፍራንከንስታይን በባግዳድ” (2013) ደግሞ በቦምብ ከሞቱ ሰዎች የተበታተነ አካል እየሰበሰበ የሚሰፋ ጥራጊ ነጋዴ ያሳየናል፤ ሰውየው ይህን የሚያደርገው አስከሬኑ ሙሉ ሆኖ በክብር እንዲቀበር ብሎ ነው። ልቅሶ ሳይቀመጡለት የቀረ ሰው ያለው ቤተሰብ ይህ ይገባዋል። መጽሐፉ በ2014 ዓለም አቀፉን የአረብኛ ልብ ወለድ ሽልማት አግኝቷል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኖሮ አረብኛ ማንበብ የለመደ ሰው ከምንጩ ሊያነበው ይችላል።

አራተኛው ጨለማ ከራስ የሚወጣው ነው። የኧርሱላ ለጉዊን “ኤ ዊዛርድ ኦቭ ኧርዝሲ” (1968) ውስጥ ጌድ የሚባል ጎበዝ ልጅ በትዕቢቱ አንድ ጥላ ወደ ዓለም ይለቃል። መጀመሪያ ይሸሸዋል፤ በኋላ ዞሮ ያሳድደዋል። ለጀማሪም፣ ለታዳጊም፣ ለሽማግሌም ያለ ሥጋት የምሰጠው መጽሐፍ ይህ ነው። ጌድ ቆዳው ጠይም ነው፤ ለጉዊን የሽፋን ሠዓሊዎችና ፊልም ሠሪዎች ነጭ ሲያደርጉት ዕድሜዋን ሙሉ ተቃውማለች። ውጭ አገር ለሚያድግ ልጅ ስትሰጡት ይህንንም ንገሩት።

ኤች ፒ ላቭክራፍትን ለብቻው አነሳዋለሁ፤ ሰው በማይለካ ጽንፈ ዓለም ውስጥ ኢምንት መሆኑን በማሳየት ፈር ቀዳጅ ነው። ለጥቁሮችና ለስደተኞች የነበረው ጥላቻ ግን በሥራዎቹ ውስጥ በግልጽ ይነበባል። የወርልድ ፋንታሲ ሽልማት ለዓመታት የእሱን ፊት የያዘ ሐውልት ነበር። በ2011 ያሸነፈችው ናይጄሪያዊት አሜሪካዊት ንኔዲ ኦኮራፎር እና በ2014 ያሸነፈችው ሳማታር ቅሬታቸውን በአደባባይ ተናገሩ፤ አዘጋጆቹም በ2015 ሐውልቱ እንደሚቀየር አሳወቁ። ላቭክራፍትን ለሚጠይቅ ሰው የቪክተር ላቫልን “ዘ ባላድ ኦቭ ብላክ ቶም” (2016) አብረው ይስጡት። ላቫል ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ የላቭክራፍትን አንድ ዘረኛ ታሪክ ወስዶ ከሐርለም በመጣ ጥቁር ወጣት ዓይን እንደገና ጽፎታል።

ሦስተኛ፦ እምነቱን ያክብሩ፣ ባህሉን ይወቁ

ለብዙ የአማርኛ አንባቢ ጋኔን፣ ዛር፣ መተት የተፈጠሩ ነገሮች አይደሉም። ጸበል ቦታ ቆሞ ያየ፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ የደረሰ ሰው “ይሄ እኮ ልብ ወለድ ነው” ብትሉት አይሰማም፤ ልትከራከሩትም አይገባም። “መናፍስት የሚጠሩበት መጽሐፍ ያስቸግርዎታል?” ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይበቃል። አዎ ካሉ፣ መናፍስት የማይጠሩበት ግን ጥልቅ የሆነ ሞልቷል። የሲ ኤስ ሉዊስ “ቲል ዊ ሃቭ ፌስስ” (1956) ጸሐፊው ክርስቲያን፣ ታሪኩ ጥንታዊ አፈ ታሪክ፣ ጨለማው የቅናትና ራስን የማታለል ነው። በተቃራኒው የበትለር “ፓራብል ኦቭ ዘ ሶወር” (1993) አንዳች አስማት ባይኖርበትም፣ የሰባኪ ልጅ የአባቷን እምነት ትታ አዲስ ሃይማኖት ትመሠርታለች። ጠንቋይ የለበትም ብሎ ለአጥባቂ አንባቢ መስጠት ቅር ያሰኛል።

በሌላ በኩል በአያ ጅቦ ተረት ያደገ ሰው ለዚህ ዘርፍ ባዕድ አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የናይጄሪያዊውን አሞስ ቱቱኦላን “ዘ ፓልም ዋይን ድሪንካርድ” (1952) እሰጠዋለሁ። የዘንባባ ጠጅ የሚቀዳለት ሰው ሲሞትበት እሱን ፍለጋ ወደ ሙታን ከተማ የሚሄድ ሰው ታሪክ ነው፤ እሳት ዳር እንደሚነገር ተረት ይፈስሳል፤ አጭርም ነው። ከበድ ያለውን ለሚችል የማርሎን ጄምስ “ብላክ ሌፐርድ፣ ሬድ ዉልፍ” (2019) አለ፤ ወደ ጅብነት የሚለወጡ ፍጡራን አሉበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ይህን መጽሐፍ “እንደ እኛ ቡዳ ያለ ነገር አለበት” ብሎ ማስተዋወቅ ይቀላል፤ ግን ለማን እንደሚናገሩ ይወቁ። በአገራችን “ቡዳ” እየተባሉ የተገለሉት፣ የተደበደቡት፣ ከዚያም የከፋ የደረሰባቸው እውነተኛ ሰዎች ናቸው፦ ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቤተ እስራኤሎች። ዛሬ እስራኤል የሚኖር የቤተ እስራኤል ቤተሰብ ልጅ አያቱ በሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብለው የተጠሩ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ቃሉ የማስታወቂያ ቅመም አይደለም። ይልቁንም ጎረቤት ጎረቤቱን ጭራቅ ብሎ ሲሰይም ምን እንደሚከተል የሚያሳየውን “ዘ ፊፍዝ ሲዝን” ቢሰጡት ከእሱ ጋር ብዙ ትነጋገራላችሁ።

አራተኛ፦ የሚያመውን ቦታ አስቀድመው ይናገሩ

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት “ታሪኩን ላበላሽበት?” የሚል ነው። አይበላሽም። የሚበላሸው ማን ገደለው፣ ማን ከዳ፣ መጨረሻው ምን ሆነ የሚለው ሲነገር ነው። ምን ዓይነት ሥቃይ እንዳለና የት አካባቢ እንደሚመጣ መናገር አንባቢውን ያዘጋጀዋል እንጂ ደስታውን አይወስድበትም።

በቅርቡ አራስ ልጠይቅ ገባሁ። የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ሕፃኑን እቅፏ ውስጥ አድርጋ “ጋሼ፣ ሌሊት ሳጠባ የማነበው አጣሁ። ያ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የነገሩኝን መጽሐፍ ያውሱኝ” አለችኝ። “ዘ ፊፍዝ ሲዝን”ን ማለቷ ነው። “እሰጥሻለሁ፤ ግን ገና ከመጀመሪያው አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ሞቶ ታገኘዋለች፤ የገደለው አባቱ ነው” አልኳት። ዝም ብላ የልጁን እግር በፎጣው ሸፈነች። “እሱስ ይቆየኝ። ሌላ የለዎትም?” የሱዛና ክላርክን “ፒራኔዚ” (2020) ላኩላት፤ ማለቂያ የሌለው፣ በሐውልት የተሞላ፣ የባሕር ማዕበል የሚገባበት ቤት ውስጥ የሚኖር የዋህ ሰው ታሪክ ነው። ብቸኝነት እንዳለበትና የተጎዳ ሰው እንዳለም ነገርኳት። በትንሽ በትንሹ ለማንበብ ይመቻል፤ ምዕራፎቹ እንደ ማስታወሻ ደብተር አጫጭር ናቸው።

በተለይ መጀመሪያው አንባቢን የሚያዘናጋ መጽሐፍ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። የአር ኤፍ ኳንግ “ዘ ፖፒ ዋር” (2018) ሲጀምር ድሃ ልጅ ፈተና አልፋ ታዋቂ ትምህርት ቤት የገባችበት ታሪክ ይመስላል፤ ወላጆች ለታዳጊ ልጆቻቸው የሚገዙትም ለዚህ ነው። ከመሃል በኋላ ጦርነት ይመጣል፤ በ1937 በናንጂንግ ከተፈጸመው ጭፍጨፋ የተቀዳ ምዕራፍ አለበት፤ ምሕረት የለውም። ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን አይደለም።

የኦኮራፎር “ሁ ፊርስ ዴዝ” (2010) ደግሞ በወደፊቷ ሱዳን ላይ የተጻፈ ነው፤ በጦርነት መሣሪያ የሆነ አስገድዶ መድፈርና የሴት ልጅ ግርዛት በቀጥታ ይገኙበታል። ለእኛ አገር ሴቶች እነዚህ ሩቅ ነገሮች አይደሉም። መጽሐፉ እንዳይሰጥ አይደለም የምለው፤ “የራሴን ታሪክ ያየሁት በዚህ ነው” ብላ ልትይዘው የምትችል አንባቢም አለች። ምርጫው የእሷ እንዲሆን በግልጽ፣ ሰው በሌለበት ይነገራት። በቡድን መልእክት መሃል እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

አምስተኛ፦ በአጭሩ ያስጀምሩ

ሰውየው ለዘርፉ አዲስ ከሆነ ከስምንት መቶ ገጽ መጽሐፍ በፊት አንድ አጭር ልብ ወለድ ይስጡት። የለጉዊን “ዘ ዋንስ ሁ ዎክ አወይ ፍሮም ኦሜላስ” (1973) በጥቂት ገጾች ያልቃል፤ ደስተኛ ከተማ አለች፣ ደስታዋ ግን ምድር ቤት ውስጥ በተዘጋበት አንድ ሕፃን ሥቃይ ላይ የቆመ ነው። የጃክሰን “ዘ ሎተሪ” በ1948 “ዘ ኒው ዮርከር” ላይ ሲወጣ አንባቢዎች በቁጣና በግራ መጋባት ደብዳቤ አጎረፉበት። የበትለር “ብለድቻይልድ” (1984) ባዕድ ፍጡራን እንቁላላቸውን በሰው ወንዶች አካል ውስጥ የሚያሳድጉበት ዓለም ነው፤ ሆድ ያሸብራል፤ ፍቅርም አለበት። ከሦስቱ በየትኛው እንደተደነቀ፣ በየትኛው እንደተጸየፈ ከሰሙ የሚቀጥለውን መጽሐፍ መምረጥ አይከብድዎትም።

እንግሊዝኛውንም ያስቡበት። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው የጂን ዉልፍ “ዘ ሻዶው ኦቭ ዘ ቶርቸረር” (1980) አይሰጥም፤ በጥንታዊ ቃላት የተሞላ ነው፤ ሰውየው ችግሩ የእሱ ይመስለዋል። የበትለር ዐረፍተ ነገር አጭርና ግልጽ ነው። የኦኮራፎርም እንዲሁ።

ገንዘብም ጉዳይ ነው። አዲስ የውጭ መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ ውድ ነው፤ ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጡበትና ከአዟሪ ፈልገው የሚያገኙት የዕድል ነገር ነው። የሜሪ ሼሊ “ፍራንከንስታይን” (1818) እና የብራም ስቶከር “ድራኩላ” (1897) ግን የቅጂ መብታቸው ጊዜ ስላለፈ ከፕሮጀክት ጉተንበርግ በነፃ፣ በሕጋዊ መንገድ ስልክ ላይ ይወርዳሉ። አሜሪካ ያለ ሰው የከተማው ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካለው ሊቢ በሚባለው መተግበሪያ አዳዲሶቹንም ይዋሳል።

ተከታታይ ሲጠቁሙ ከየት እንደሚጀመርና መጨረሱን ይንገሩ። የሳፕኮቭስኪን “ዊቸር” የሚፈልግ ሰው በአጫጭር ታሪኮቹ መድብል “ዘ ላስት ዊሽ” (1993) ይጀምር። “ጌም ኦቭ ትሮንስ”ን በቴሌቪዥን አይቶ የማርቲንን መጽሐፍ ለሚጠይቅ፣ የመጀመሪያው በ1996፣ አምስተኛው በ2011 እንደወጣና አንባቢው ከዚያ ወዲህ ስድስተኛውን ሲጠብቅ መክረሙን ሳይደብቁ ይንገሩት። ያለቀ ነገር የሚፈልግ ከሆነ የአበርክሮምቢ የመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት በ2008 ተጠናቀዋል።

ስድስተኛ፦ ሲያስተዋውቁ ሁኔታውን ይንገሩ፣ ታሪኩን ይተዉ

ሰው መጽሐፍ የሚያነሳው መልሱን ማወቅ የሚፈልገው ጥያቄ ሲኖር ነው። ሦስት አራት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። እኔ ስለ “ኪንድረድ” የምጽፈው መልእክት ይህን ይመስላል፦

“በ1976 ካሊፎርኒያ የምትኖር ጥቁር ሴት በድንገት ወደ ባርነት ዘመን ሜሪላንድ ትወሰዳለች። የምትወሰደው አንድ ነጭ ልጅ ሊሞት በደረሰ ቁጥር ነው። ልጁ የባሪያ አሳዳሪ ልጅ ነው፤ የእሷም የዘር ግንድ ነው። ብታድነው አድጎ ጌታ ይሆናል፤ ብትተወው እሷ አትወለድም። ግርፋትና መደፈር አለበት። እንግሊዝኛው ቀላል ነው።”

እዚህ ላይ ማቆም ነው። አንድ እጇን እንደምታጣ መናገር ግን ይቻላል፤ ደራሲዋ ራሷ ገና በመክፈቻው ትናገረዋለችና።

አንዳንድ መጽሐፍ በፊልም የተዛባ ስም አለው፤ እሱን ማቃናት የእርስዎ ሥራ ነው። “ፍራንከንስታይን” የብዙ ሰው ሐሳብ ውስጥ አንገቱ ላይ ብሎን ያለው ዲዳ ጭራቅ ነው። በመጽሐፉ ግን ፍራንከንስታይን የፈጣሪው፣ የተማሪው ስም ነው። ፍጡሩ ስም የለውም፤ ተደብቆ ሰው ሲያወራ እየሰማ ቋንቋ ይማራል፣ ያነባል፣ ፈጣሪውን ፊት ለፊት ይሞግታል። ታሪኩ የተጀመረው በ1816 በጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኢንዶኔዥያ ውስጥ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ የዓለምን አየር አበላሽቶ ክረምት የመሰለ በጋ ሆኖ ነበር፤ ቤት የዋሉት ወዳጆች የሙት መንፈስ ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። ሜሪ ያኔ 18 ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት የበኩር ልጇን በጨቅላነቷ ቀብራለች። ይህን የሰማ ወጣት “የድሮ መጽሐፍ ነው” ብሎ አይተወውም።

ሰባተኛ፦ ከሰጡ በኋላ ይጠይቁ

ናንሲ ፐርል ለአንባቢ የምትሰጠው አንድ ሕግ አለ፦ ሃምሳ ገጽ ሞክር፣ ካልያዘህ ተወው። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ሰው ደግሞ ዕድሜውን ከመቶ ቀንሶ የቀረውን ያህል ገጽ ብቻ ይሞክር። ይህን ለሰውየው ከመጽሐፉ ጋር ይንገሩት። ሳይጨርስ የቀረ ሰው እርስዎን ማግኘት የሚሸሽ ከሆነ፣ ሁለተኛ መጽሐፍ የመስጠት ዕድል አያገኙም።

“ወደድከው?” ከሚለው ይልቅ “የት ላይ ቆምክ?” የሚለው ይሻላል። ማርቲን ላይ የቆመ ሰው ብዙ ስም ስለበዛበት ሊሆን ይችላል፤ ያ የጨለማ ጉዳይ ስላልሆነ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ጨለማ መጽሐፍ፣ ለምሳሌ “ሂል ሃውስ”ን ይስጡት። ግሎክታ ሰው ሲያሠቃይ አልቻልኩም ያለ ግን ሌላ ጭካኔ አይሰጠው፤ ለጉዊን ጋ ይሂድ። “አላስፈራኝም፣ አሰለቸኝ” የሚል ደግሞ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ በር የገባ ነው፤ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመለሱና ምን እንደያዘው እንደገና ይጠይቁት። ማን የት ላይ እንዳቆመና ምን እንዳለ በትንሽ ደብተር መጻፍ ይረዳል፤ ከዓመት በኋላ ያው ሰው ተመልሶ ሲመጣ ከማን ጋር እንደሚያወሩ ያውቃሉ።

ኪንድረድን ጨርሶ “ተጨማሪ” ያለ አንባቢ ሁለት መንገድ አለው። ወደፊቱ የሚያሳስበው ከሆነ “ፓራብል ኦቭ ዘ ሶወር”፤ በ1993 የተጻፈው ታሪክ የሚጀምረው በ2024 በድርቅና በእሳት በተመታች ካሊፎርኒያ ነው። የእናቶቹ ነገር ልቡን የያዘው ከሆነ “ቢለቭድ”። “ቢለቭድ” ከባድ ነው፤ ጊዜው ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል፤ የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች ግራ ቢያጋቡት አይደንግጥ፣ ስሙን ያላወቀውን ሁሉ እያለፈ ይቀጥል፤ እየቆየ ይገጣጠምለታል። ሲጨርስ ወዲያው ሌላ ጨለማ አይስጡት። ሳምንት ሁለት ሳምንት ይለፍ፤ ስለ መጽሐፉ ማውራት ከፈለገ ቡና ይጋብዙት፤ ካልፈለገ አይጎትጉቱት።